የዝምታው ማድጋ

ወንዙን ብትሻገሩ፣ ተራራውን ብትዞሩ የማታገኙት አንድ ከተማ ነበር አሉ። ስሙ ሰባት ኮረብታ ነው። የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ።

በሰባት ኮረብታ፣ ሰፈር አፍርሰው ሰፈር የሚሠሩት ሹሞች፣ መሬት የሚለካው በገመድ ነውና፣ ባለ ገመድ ይባሉ ነበር። ባለ ገመድ መሬት አይረግጥም። «ከተማን የሚያይ ዓይን ከላይ ይየው» የሚል የቆየ ሕግ ስላለ፣ እያንዳንዱ ባለ ገመድ አራት ሰዎች በትከሻቸው በተሸከሙት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚዞረው። ከዚያ ላይ የሚታየው ጣሪያ ነው። ስለዚህ በፕላኑ ላይ የሚሥለውም ጣሪያ ብቻ ነበር። በር የሚባል ነገር መኖሩን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያልሰሙ ባለ ገመዶች ነበሩ ይባላል። ይህችን እንኳ ሰው ጨምሯት ይሆናል።

ሌላም ሕግ ነበር። ነዋሪው ሳይጠየቅ ሰፈሩ አይነካም ይላል። መልካም ሕግ ነው፤ የጻፈውን ሰው ነፍሱን ይማረው። አፈጻጸሙ ግን እንዲህ ነበር። ሹሙ በሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እንጀራ ፍለጋ በወጣበት ሰዓት በወንበሩ ወደ ሰፈሩ አደባባይ ይመጣል። ፕላኑን ለባዶው አደባባይ ያነባል። ከዚያ የአንድ ትልቅ ማድጋ ክዳን ይከፍትና «ቅር ያለው አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ በጥያቄና በጥያቄ መካከል የወንበሩ ጥላ አንድ ስንዝር እስኪሄድ ይጠብቃል። መልስ ሲጠፋ ክዳኑን ግጥም አድርጎ በሰም ያሽጋል። ውስጡ ያለው የሰፈሩ ዝምታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ እሺታ ነው። ማድጋው የሰፈሩ ስም ተጽፎበት ግምጃ ቤት ይገባል። በሳምንቱ ሰፈሩ ይፈርስና ነዋሪው በዕጣ በሰባቱ ኮረብታዎች ይበተናል። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ኮረብታ ከደረሳቸው ዕጣው እንደገና ይወጣል፤ «ትውውቅ ለአዲስ ሰፈር አይመችም» ተብሎ።

ማድጋው ውስጥ ድምፅ ከገባስ? ለዚህም ሕግ አለው። የአንድ ሰው ድምፅ ሳል ይባላል፤ አይቆጠርም። ከሁለት እስከ አርባ ሰው ከሆነ ጉንፋን ነው። ከአርባ ሰው በላይ የሆነ እንደሆነ ግን ማድጋው ተበላሸ ይባላል፤ ሹሙም በሦስት ቀን ውስጥ ለድምፁ መልስ መስጠት አለበት። መልስ ካጣ፣ ነዋሪው ያለውን ራሱ ሹሙ ይፈርማል። በሰባት ኮረብታ ታሪክ አንድም ማድጋ ተበላሽቶ አያውቅም ነበር።

ከሰፈሮቹ አንዱ ጠመዝማዛ ሰፈር ይባላል። ጓንጉል የዚያ ሰፈር የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበር።

ጓንጉል ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ቀጭን፣ ነገር ቶሎ የሚያስደስተው ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ በር ለበር እየዞረ ሲለፍፍ ኖሯል። የትኛው መታጠፊያ በክረምት ሰው እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥ፣ የትኛዋ ባልቴት በግራ ጆሮዋ ስለማትሰማ መስኮቷ መመታት እንዳለበት፣ በየትኛው ጣሪያ ሥር ስንት በር እንዳለ እግሩ ያውቀዋል። ሚስቱን ከቀበረ አምስት ዓመቱ ነው። ልጅ የለውም። ወንድም እህትም የለውም። «የሚቀብረኝ እድሬ ነው፤ ለእኔ ጡሩምባ የሚነፋው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የሚያሳስበኝ፤ መቼም ራሴ ተነሥቼ አልነፋም» እያለ ይቀልድ ነበር።

አንድ ቀን የባለ ገመዶቹ አለቃ ሊቀ ገመድ ቢተው አስጠሩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ለዕጣው የቤተሰብ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ከላይ ሲታይ ደግሞ ጣሪያ እንጂ ቤተሰብ አይቆጠርም።

«በጠመዝማዛ ሰፈር ስንት በር አለ?» ብለው ጠየቁት።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ጌታዬ!» አለ ጓንጉል ትንፋሹን ሳይሰበስብ። «የተደፈኑት ከተጨመሩ ሦስት መቶ አሥራ አምስት!»

ልቡ በደስታ ዘለለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግሩ የሚያውቀውን አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም። አፉን ከከፈተ በኋላ መዝጋት አቃተው። ሁለት ጊዜ የገባበትን ቦይ ነገራቸው። አርባ ቤተሰብ የሚጋራውን፣ በሩ በገመድ የሚታሰረውን ሽንት ቤት ነገራቸው። በየክረምቱ ከመሬት ፈልቃ መንገድ የምታሰጥመውን ምንጭ ነገራቸው። ሰፈሩ መታደስ አለበት፤ ማን ጭቃ ይወዳል? ጸሐፊው ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የምትለዋን ብቻ ጽፎ ብዕሩን አስቀመጠ።

ከዚያ ጓንጉል ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ፕላን አየ። ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ዛፍ፣ ረድፍ የያዘ መብራት።

«እንዴት ያምራል!» አለ ከልቡ። ጎንበስ ብሎ ፈለገ፣ ፈለገና፣ «እኛስ የት ጋ ነን?»

«እናንተማ በሰባቱ ኮረብታ ናችሁ።»

«ተበትነን?» አለ ጓንጉል። «ታዲያ ማን ይቀብረናል?»

ሊቀ ገመድ የፕላኑን ጠርዝ በጣታቸው አቃኑ። «ሰው የትም ሰው አያጣም። እኔ አምና እናቴን ስቀብር አራት ተሸካሚ ቀጥሬ ነው። ምንም አልጎደለም። መቃብሩ አፋፍ ላይ ስሟን ጠየቁኝ እንጂ።» ከዚያ ፕላኑን መጠቅለል ጀመሩ። «ቅር ካለህ ሐሙስ ረፋድ ማድጋው ፊት ተናገር። ሕጉ ይፈቅዳል።»

በቅንነት ነበር ያሉት። ማንም እንደማይመጣ የሚያውቅ ሰው ቅን መሆን አያቅተውም።

ጓንጉል እየሮጠ ወረደና ሰፈሩን በር ለበር አዳረሰ። ሰው ግን እንዲህ ነው፤ ለሞት ሲጠሩት ይመጣል፣ ለኑሮ ሲጠሩት ሥራ አለኝ ይላል። አንዱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለው። ሌላው «ሐሙስ ገበያ ነው፣ ጋሽ ጓንጉል፤ ለሌላ ቀን አይሆንም?» አለው። የእድሩ ዳኛ እትዬ ማንጠግቦሽም አልተሻሉም። ጠንካራ ሴት ናቸው፤ የእድሩን ሕግ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታል።

«እድር የተቋቋመው ለሞት ነው» አሉት። «ለፕላን አንሰበሰብም። ሕጋችን ላይ የለም።»

ሐሙስ ረፋድ ጓንጉል ብቻውን አደባባዩ ላይ ቆመ። ጡሩምባውን ይዟል፤ ለምን እንደያዘው ገና አልወሰነም። ሊቀ ገመድ ወንበራቸው ላይ ሆነው ፕላኑን አነበቡ። ማድጋው ተከፈተ።

«ቅር ያለው አለ?»

«እኔን ቅር ብሎኛል!» አለ ጓንጉል።

ጸሐፊው «ሳል» ብሎ ጻፈ።

ጥላው አንድ ስንዝር ሄደ። በዚያ መካከል ፋንታዬ የምትባል የጉሊት ነጋዴ ሽንኩርቷን በራሷ ተሸክማ ስታልፍ ጓንጉልን አየችና ቆመች።

«ቅር ያለው አለ?»

«አዎ!» አለ ጓንጉል።

«እኔንም!» አለች ፋንታዬ። ነገሩ ገና ባይገባትም ጓንጉል ብቻውን ሲጮህ ማየት አስጠላት።

«ጉንፋን» ብሎ ጻፈ ጸሐፊው።

የቀረው አንድ ጥያቄ፣ አንድ ስንዝር ጥላ ነበር። ጓንጉል ጡሩምባውን አየ። በእድሩ ሕግ ውስጥ ከሁሉ የከበደችውን አንቀጽ ማንም ከእሱ በላይ አያውቃትም። «ሰው ሳይሞት ጡሩምባ የነፋ፣ በሞተ ጊዜ ጡሩምባ አይነፋለት» ትላለች። የማይነፋለት ሰው ቀባሪ የለውም። ልጅ ለሌለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ፈራ። የሚያውቃቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት በሮች ግን አንድ በአንድ በፊቱ አለፉ። ጡሩምባውን አፉ ላይ አደረገና በሙሉ ሳንባው ነፋው።

እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! ጠመዝማዛ ሰፈር ከሥሩ ተነቀለ። አናጺው መጋዙን ግንድ ውስጥ እንደሰካ ሮጠ። ፀጉሯን ግማሽ የተሠራች ሴት በግማሹ መጣች። ገበያ የወጣው ከገበያ ተመለሰ። በእድር ሕግ ጡሩምባ ሰምቶ የዘገየ፣ ከቀብሩ በኋላ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ተሸክሞ ይመልሳል፤ አግዳሚው ደግሞ ከዋንዛ የተሠራ፣ ትከሻ የሚሰብር ነው። ስለዚህ ማንም አልዘገየም። ድንኳኑ መጣ፣ ብረት ድስቱ መጣ፣ የንፍሮው እህል መጣ። «ማን ነው? ማን ነው የሞተው?» እያሉ ወንዱም ሴቱም ዋይታውን አቀለጡት። ወጣቶቹ እንደ ልማዳቸው ሟቹን ሳይጠይቁ ድንኳኑን አደባባዩ መሀል ተከሉት።

ሊቀ ገመድ ሕጉ ሕግ ነውና በዚህ ሁሉ መሀል «ቅር ያለው አለ?» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። የሦስት መቶ ቤተሰብ ለቅሶ ማድጋው ውስጥ እየተንዠቀዠቀ ገባ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ አነሣ። ከሳልና ከጉንፋን በላይ ያለውን ቃል አያውቀውም ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ እጃቸውን አነሡና ለቅሶው ቆመ። «ጓንጉል፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ልንሞት ነው እንጂ። በሚቀጥለው ሳምንት በሰባቱ ኮረብታ ይበትኑናል። ከዚያ በኋላ ብነፋም የሚሰማኝ የለም።»

«ሐሰት ነፍተሃል ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ሕጉን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ፣ እትዬ።»

የሴትዮዋ ዓይን እንባ ሞላ፤ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም። «ፍርዱ ድንኳኑ ሲነቀል ይሰጣል። የተተከለ የለቅሶ ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነቀልም። ንጉሥም አይነቅለው።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ጓንጉል፣ ያየኸውን ፕላን ንገረን።»

ያ ሦስት ቀን! ስለዚያ ሦስት ቀን ስናገር እኔንም ደስ ይለኛል። ጓንጉል በአመድ መንገዶቹን መሬት ላይ አሰመረ። ለበር ሽምብራ፣ ለውሃ ቧንቧ ባቄላ ይሁን ተባለ። ሰው ሁሉ ሽምብራውን ይዞ ተነሣ፤ ቤቱን ራሱ ማስቀመጥ አለበትና። ጭቅጭቁን ማን ይቻለው! ሽንት ቤቱ ለሁሉም ቅርብ እንዲሆን፣ ግን ከማንም አጠገብ እንዳይሆን ፈለጉ፤ ይህን ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጀ። አንድ ሽማግሌ በሐሳብ ተውጠው የጎረቤታቸውን ቤት አንሥተው ቆረጠሙት፤ ጎረቤትየው «ቤቴን በሉኝ!» ብሎ ሲጮህ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። በግራ ጆሮዋ የማትሰማው ባልቴት መስኮቷ ወደ መንገድ እንዲዞር ጠየቀች። ፋንታዬ ግን ከሁሉ በለጠች። ቦዩ በእኔ አጥር ውስጥ ካላለፈ ጭቃው አይለቃችሁም ብላ፣ ከግቢዋ ሁለት እርምጃ በገዛ እጇ ቆርሳ ሰጠች። ከዚያ በኋላ መስጠት ያልጀመረ አልነበረም። መንገዱ ሰፋ። ምንጯን እንዳይነካ እንደ ክርን ታጠፈ። መሀል ላይ ለእድሩ ቤት የሚሆን ቦታ ተገኘ።

ጓንጉል ከአመዱ ላይ አልተነሣም። «እዚህ ጋ ደረጃ! እዚህ ጋ ደረጃ ካልተደረገ አሮጊቶቹ ይወድቃሉ!» እያለ በጉልበቱ ይድሃል። በሕይወቱ እንዲህ ተደስቶ አያውቅም። አንዳንዴ ፍርዱ ትዝ ሲለው ቀና ብሎ ጡሩምባውን ያያል፤ ወዲያው አንዱ «ጋሽ ጓንጉል፣ ይህ መታጠፊያ ስንት እርምጃ ነው?» ሲለው ይረሳዋል።

ውጭ ሊቀ ገመድ መልስ መስጠት ስላለባቸው በየቀኑ ይመጡ ነበር። ከወንበራቸው ሲያዩ ግን የሚታየው የድንኳን ሸራ ብቻ ነው። ከሥሩ ሳቅ ይሰማሉ፣ ጭቅጭቅ ይሰማሉ፣ ምንም አይታያቸውም። መቼም ያላዩትን ነገር መመለስ አይቻልም። አንገታቸውን አሰገጉ። ተሸካሚዎቹን ዝቅ በሉ አሏቸው። በሦስተኛው ቀን፣ የመልሱ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሳይወዱ በግድ እግራቸውን አወረዱ። የጫማቸው ሶል ከተገዛ ጀምሮ አፈር አላየም ነበር። መሬቱ እኩል አለመሆኑ አስደነገጣቸው፤ ሁለት ጊዜ ተንገዳግደው ገቡ።

አመዱን ዞረው ዞረው አዩና አንዲት ሽምብራ አነሡ። «ይህ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ፋንታዬ። «ቀስ ብለው ያስቀምጡኝ።»

ቀስ ብለው አስቀመጧት። «ይህስ መንገድ ለምን ተጣመመ?»

«ምንጭ አለ፣ ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «ያን ዕለት ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረኸኝ ነበር» አሉ ሊቀ ገመድ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ለዚህ ድምፅ መልስ የለኝም። መልስ ከሌለኝ የምፈርመው ይህንን ነው። ጸሐፊ፣ ቅዳው። በሮቹንም ጭምር።»

እልልታው ድንኳኑን ሊያነሣው ደረሰ! ሰው እየተቃቀፈ ይዘላል፤ ያችን ቤት የቆረጠሙት ሽማግሌ ሳይቀሩ እስክስታ ወረዱ። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን አልተነሡም። እጃቸውን አነሡና ደስታው ቀዘቀዘ።

«ድንኳኑ ሊነቀል ነው። ፍርድ አለብን። ጓንጉል፣ ቅረብ።»

ቀረበ። ጡሩምባውን እግራቸው ሥር አስቀመጠ።

«ያዳነን ይህ ሰው ነው» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «ግን ዛሬ ለበጎ ነገር ብለን ሕጉን ከጣስን፣ ነገ ጡሩምባ ሲነፋ እውነት ይሁን አይሁን ብሎ ከቤቱ የሚጠብቅ ሰው ይመጣል። ያን ቀን እድር የለም። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቃለሁ። ጡሩምባ ተነፍቷል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል። ማን ሞተ?»

ፋንታዬ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ጓንጉል «ማንም» ሊል አፉን ከፈተ።

በዚህ መሀል ሊቀ ገመድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ፣ ድርሻዬ አይደለም። ግን ይህን ማድጋ ምን ላድርገው? በሕጋችን ድምፅ የገባበት ማድጋ ግምጃ ቤት አይመለስም። የእናንተ ዝምታ ነበር የሚገባበት። ከእንግዲህ የለም፤ በቃ፣ ሞቷል።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ ማድጋው ሄደው ውስጡን አዩ። ክዳኑን አንሥተው እንደ ሟች ዓይን ቀስ ብለው ከደኑት።

«ዝምታችን ስንት ዓመት አብሮን ኖረ» አሉ። «የአያቶቻችንም ጎረቤት ነበር። ሳይቀበርማ አይቀርም። ቃሬዛ አምጡ።»

በጠመዝማዛ ሰፈር ሰዎች እየሳቁ ያለቀሱበት ቀብር ያ ብቻ ነው። ማድጋው በቃሬዛ ተጭኖ፣ አራት ጎልማሶች ተሸክመውት፣ በአመዱ ፕላን ለእድሩ ቤት በተተወው ቦታ ተቀበረ። ጓንጉል ከፊት ሆኖ ይነፋ ነበር። የጡሩምባው ድምፅ ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት። ጡሩምባው በእውነት ተነፍቷል፤ ሟች ነበር፣ ቀብርም ተፈጸመ፤ ፍርዱም ቀረ። የሚቀብሩት ሰዎች ሁሉ ከኋላው እየመጡ ነበር።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሊቀ ገመድ ወደ ዳኛዋ ቀረቡ። ተሸካሚዎቻቸው ወንበሩን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

«እድራችሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሌላ ኮረብታ ሰው ይቀበላል?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። «ስም?»

«ቢተው።»

«የእናት ስም?»

ሊቀ ገመድ ያወለቁትን ኮፍያ ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ብርነሽ» አሉ በመጨረሻ። «ብርነሽ ነው ስሟ።»

«ብርነሽ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብለው። «ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር!» አለ ሰፈሩ ሁሉ።

«አሁን እንግዲህ አባል ነዎት» አሉ ዳኛዋ። «ጡሩምባው የተነፋው ሐሙስ ረፋድ ነው፤ እርስዎ ድንኳን የገቡት ዛሬ። ዘግይተዋል። አግዳሚው ያውልዎ።»

ሊቀ ገመድ ቢተው አግዳሚውን አዩት፣ ወንበራቸውን አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የዋንዛውን አግዳሚ በትከሻቸው አነሡ። ላባቸው ችፍ አለ። አራቱ ተሸካሚዎች ባዶውን ወንበር ይዘው ከኋላ ቆሙ።

«በየት በኩል ነው የሚኬደው?» አሉ።

«ይከተሉኝ» አለ ጓንጉል ጡሩምባውን ብብቱ ሥር አድርጎ፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ሲደርሱም ዞር አለ። «እዚች ጋ ዝቅ ይበሉ፣ ጌታዬ። በሩ አጭር ነው።»